ናፍቆት ሲበረታ ምን ይደረጋል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ናፍቆት የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ቤት ልጅቱ ጂዳ ናት። ሌላው ቤት ወንድም በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። በ2014ቱ ጦርነት ሰው የጎደለበት ቤት አለ። ትዳሩም ሥራውም ሞልቶለት ልቡ ግን ውጭ ውጭ የሚልበት ሰውም አለ።

እኔ ሙስሊም ነኝ። የእናቴ ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸው። ወሎ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። በቅሬም (በሠፈሩ ዕድር)፣ በቡናም፣ በለቅሶ ቤትም አብረን ስንቀመጥ ስለ ናፍቆት የሚነሱት ጥያቄዎች ያው ናቸው። የምችለውን ያህል እዚህ መልሻለሁ። የሃይማኖት ብይን የሚፈልግ ነገር ሲገጥማችሁ ሸኻችሁን ወይም ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እኔ የማወራው ናፍቆት የያዘው ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚውል ነው።

ናፍቆት የእምነት ማነስ ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ ያስቀደምኩት ብዙ ሰው በናፍቆቱ ላይ ኀፍረት ስለሚጨምርበት ነው። "ኢማን ቢኖርሽ እንዲህ አትሆኚም ነበር" ይባላል። "እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ፤ በቃ ተይው" ይባላል። ተናጋሪው ለማጽናናት ነው። ሰሚዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተደብቃ ታለቅሳለች።

ሁለታችንም ቤት የሚታወቅ አንድ አባት አለ፤ ያዕቆብ። ልጁ ዮሴፍ ሲጠፋበት ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ልጆቹ ሊያጽናኑት ቢነሡ እንቢ አለ። ኦሪት እንዲህ ትተርካለች። በቁርኣን የዩሱፍ ምዕራፍ ደግሞ ከሐዘኑ ብዛት ዓይኑ ነጣ። ልጆቹ "ዩሱፍን ስታነሣ ልታልቅ ነው እኮ" ብለው ወቀሱት። እሱም ጭንቀቱንና ሐዘኑን የሚያሰማው ለአላህ ብቻ መሆኑን ነገራቸው። ነቢይ ነው ይህን ያህል የናፈቀው። ማንም እምነቱ ጎድሏል አላለውም።

ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ያዕቆብ ሐዘኑን ለአላህ ከተናገረ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ልጆቹን ሂዱና ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ አላቸው፤ ከአላህ እዝነትም ተስፋ አትቁረጡ አላቸው። ለቅሶው፣ ዱዓውና ሥራው አንድ ላይ ነው የሄዱት። እኔ እዚህ የምለው ሁሉ ከዚህ አይርቅም። ናፍቆትህን አትደብቀው፤ ለፈጣሪ ንገረው፤ ከዚያ እግርህን አንቀሳቅስ።

ታዲያ የናፈቀኝን ሰው መርሳት አለብኝ?

ማን አለ? መርሳት ከተቻለማ ጥያቄውም ባልመጣ። ናፍቆት እንደ ቦርከና ውኃ ነው። ዝም ካሉት በክረምት ሞልቶ ማሳውን ያጥለቀልቃል፤ ቦይ ከቀደዱለት ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም ያጠጣል። ውኃው ያው ውኃ ነው። ሥራችን ቦዩን መቅደድ ነው።

ወደ ፈጣሪ የሚዞር ሰው የሚወደውን ሰው ከልቡ አውጥቶ መጣል የለበትም። ይዞት ይሂድ። ስሙን ጠርቶ ይጸልይለት። "ጌታዬ፣ ይህች ልጅ ናፈቀችኝ፤ አንተ ካለችበት ጠብቅልኝ" ማለት ሙሉ ጸሎት ነው።

እሺ፣ ከምን ልጀምር?

መጀመሪያ የናፍቆትህን ሰዓት እወቅ። ናፍቆት ቀኑን ሙሉ እኩል አይበረታም። ደሴ ላይ ለብዙ ሰው የሚከብደው ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ነው። ጉሙ ይወርዳል፣ ብርዱ ይገባል፣ ሱቁ አንድ አንድ እያለ ይዘጋል፣ ሰው ወደየቤቱ ይሰበሰባል። ያኔ የጎደለው ሰው ይታያል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ሰው ውጭ ያመሻል፤ እዚያ የሚብሰው ከተኙ በኋላ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ለአንዳንዱ ደግሞ የዓርብ ከሰዓት ወይም የእሑድ ረፋድ ነው።

በዚያ ሰዓት ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ስልክ እናነሣለን። የድሮ ፎቶ እንከፍታለን። የድሮ ቮይስ እንሰማለን። ከዚያ ቲክቶክ ውስጥ ገብተን እኩለ ሌሊት ላይ ደክመን እንወጣለን። ናፍቆቱ ያው ነው፤ ሰዓቱ ብቻ አለቀ።

እዚያ ሰዓት ላይ ጸሎት አስቀምጥ። ሙስሊም ከሆንክ በመግሪብና በዒሻ መካከል ያለው ጊዜ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ክርስቲያን ከሆንክ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ የሠርኩ ነው፤ ከዚያ የመኝታው አለ። ረጅም አታድርገው። የምትቆይበትን ያህል ብቻ ያዝ፤ ግን ሰዓቱን አታዛንፍ።

ቀጥሎ ሰውነትህን አስገባበት። ናፍቆት ደረት ላይ ይቀመጣል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ጉልበት ይሰብራል። አልጋ ላይ ተጋድሞ በሐሳብ ብቻ መጸለይ ለናፈቀ ሰው አይበቃም። ቁም። ስገድ። ግንባርህ መሬት ይንካ። በሱጁድ ላይ ያለ ሰው ለጌታው የቀረበ ነው ብለን ተምረናል። የእናቴ ወንድሞችም በዐቢይ ጾም ስግደት ውለው ሲመለሱ "ቀለለኝ" ሲሉ እሰማለሁ። ጉልበቱ ተንቀጥቅጦ የሚገባ ሰው ነው ቀለለኝ የሚለው።

በዐረብኛ ወይም በግዕዝ የሚባለውን ካልክ በኋላ ደግሞ በአማርኛ ተናገር። ቤት ውስጥ እንደምታወራው። "ደከመኝ" በል። "ተናደድኩብህ" የሚልህ ነገር ካለም አትሽሸው፤ እሱ ያውቀዋል።

አራተኛውን ነገር ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው እሱን ነው። ለናፈቀህ ሰው ልታደርግለት የነበረውን ነገር ለሌላ ሰው አድርግ። ደሴ ውስጥ ስንት እናት አለች፣ ልጇ ዐረብ አገር ሆና የምትጋግረው ዳቦ የሚበላላት ያጣች። ኮምቦልቻ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ ከገጠር መጥተው ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች አሉ፤ የእናታቸው ዳቦ የናፈቃቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው። አንዷ የምትሰጠው ያጣች፣ ሌላዋ የሚሰጣት ያጣች። ኮምቦልቻ ላይ ያለች እናት ከሆነችማ መንገድም አያስፈልጋት፤ ሠራተኞቹ በየግቢው ተከራይተዋል። ቅዳሜ ቡና አፍልታ ሁለቱን ብትጠራ የሚሆነውን እኔ አይቻለሁ። ናፍቆቱ አይጠፋም፤ ሥራ ግን ያገኛል።

ስጸልይ ሐሳቤ ወደ እሱ ይሄዳል። ጸሎቴ ከንቱ ነው?

ይሂድ። ሄዶም ከእሱ ጋር ወደ ጸሎቱ ይመለስ። ሐና የምትባለዋን ሴት አስቢያት። ልጅ ናፍቃ ቤተ መቅደስ ገብታ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ጸሎቷ ጸሎት አይመስልም ነበር። ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰሷን ነገረችው። ልቧ ላይ የነበረው ልጁ ብቻ ነው፤ ያው ነው ጸሎት የሆነላት።

የሚያስፈራው ሐሳብ መሄዱ አይደለም። ሐሳብሽ ስለሚሄድ ብለሽ መቆሙን ስትተዪ ነው።

ልጄ ዐረብ አገር ናት። ካልደወለች እንቅልፍ የለኝም። ዱዓ አደርጋለሁ፣ አይቀለኝም።

እማማ፣ ይህ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እርስዎ ባሉበት ሠፈር ብቻ ስንት እናት ስልክ አጠገቧ አስቀምጣ እንደምትተኛ ቢያውቁ ይገርምዎታል። ለዚህ የምነግርዎ ጥቂት ነገር አለኝ።

የስደት ናፍቆት በእምነታችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በ615 ዓመተ ልደት ገደማ የተሰደዱት ወደዚሁ ወደ ሐበሻ ምድር ነው። መካ ላይ የቀሩ እናቶች ስልክም አልነበራቸውም። ክርስቲያን እናቶችም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ግብፅ መሰደዷን እያሰቡ ያስቀድሳሉ። ማኅሌቱ አርባ ቀን ያህል የሚቆየው በስደት ታሪክ ላይ ነው። ልጇ የተሰደደችባት እናት በዚያ ወቅት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ብቻዋን አይደለችም። አብረዋት የሚያለቅሱ አሉ፤ አብረዋት የሚያመሰግኑም አሉ።

አሁን ወደ ኑሮው። ከልጅዎ ጋር የመደዋወያ ቀንና ሰዓት ቁረጡ። የቤት ሠራተኛ ስልክ እንደ ልብ አትይዝም። "ለምን አልደወልሽም" የሚለውን ቀንሱላት። ስትደውል ስለ ብር ከመጠየቅ በፊት ምን በላሽ፣ ተኛሽ ወይ በሏት። እሷም ናፍቃለች፤ ናፍቆቷን የሚጠይቃት ግን የለም። እሷ ሰላት ወይም ጸሎት የምታደርግበትን ሰዓት ጠይቀው እርስዎም በዚያው ሰዓት ይቁሙ። ሳውዲና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ ቀላል ነው። አንዲት እናት ይህን ከጀመሩ ወዲህ "አብረን የምንሰግድ ይመስለኛል" አሉኝ። እንቅልፉም መጣላቸው።

ከምትልክልዎት ገንዘብ ደግሞ ትንሽ ትሁን ትልቅ፣ በስሟ ለተቸገረ ይስጡ። ቤት መሥራቱ ጥሩ ነው። ግን ልጅቷ የደከመችበት ነገር ሁሉ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሆኖ አይለቅ።

የምወዳት ልጅ ሌላ አገባች። ዱዓ/ጸሎት ይመልሳታል?

ወንድሜ፣ በቀጥታ ልንገርህ። የሰው ትዳር እንዲፈርስ መለመን ጸሎት አይደለም። ብዙ ወጣት ናፍቆቱን በዱዓ ሸፍኖ እየጠበቃት ነው። "ኸይር ከሆነ ትመለስልኝ" ይላል። ጓዳው ውስጥ ግን ፕሮፋይሏን በየቀኑ ይከፍታል፣ ባሏን ይመረምራል። ይህ ናፍቆትን ወደ አምልኮ መቀየር ሳይሆን አምልኮን ለናፍቆት ማዋል ነው።

ገጿን መከተል አቁም። ቁጥሯን አጥፋ። ቁጥሩን በቃል እንደምታውቀው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አጥፋው። ከዚያ አንድ ነገር ልብ በል። አንተ ይህን ያህል መውደድ የምትችል ሰው ነህ። ሌሊት ነቅተህ ስለ አንድ ሰው ማሰብ፣ ትንሽ ነገሯን ማስታወስ፣ ለእሷ ስትል ራስህን መለወጥ ችለሃል። ይህ አቅም ከእሷ ጋር አልሄደም፤ አንተ ጋር ነው። የሌሊቱን የመጨረሻ ሢሶ ነቅቶ ተሀጁድ የሚቆም ሰው የሚያስፈልገው ይኸው አቅም ነው። ኪዳን ለማድረስ በሌሊት የሚነሣም እንዲሁ። ለእሷ የነቃኸውን ያህል ለፈጣሪ ንቃ። መጀመሪያ ደረቅ ይሆንብሃል። ቆይ።

ሌላ ለማግባት ግን አትቸኩል። አንዷን በሌላዋ ማስረሳት ሁለተኛዋን መበደል ነው።

ትዝታ መስማት ይጎዳል? መንዙማስ?

ይህን ጥያቄ ወሎ ላይ ካልመለስነው የት እንመልሰዋለን? አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የአገራችን ስሞች ናቸው። ከዚህ አገር ሰው ውስጥ ናፍቆት ዜማ ሆኖ ባይወጣ ነበር የሚገርመው።

ይህንኑ የናፍቆት ዜማ ሸኾቻችን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዱት። መንዙማ ምንድን ነው? ናፍቆት ነው። መዲናን በዓይኑ ያላየ የገጠር ሰው መዲና ናፍቃው ያለቅሳል። ነቢዩን ያላያቸው ሰው በስማቸው ይንሰፈሰፋል። ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በአማርኛና በዐረብኛ እየተቀላቀለ ለማይምም ለዓሊምም ይደርሳል። ቀደምቶቹ ናፍቆትን አላወገዙትም። ሰው ሁሉ የሚናፍቅ መሆኑን አውቀው የሚናፍቀውን ከፍ አደረጉለት። ሃይማኖት ያስተማሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ደግሞም ተሳክቶላቸዋል። እዚሁ ወሎ ጀማ ንጉሥ ላይ በመውሊድ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። በክርስቲያኑ በኩልም በዐቢይ ጾም ከበሮው ሲቆም አሥር አውታር ያለው በገና ይወጣል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ቀስ ያለ ነው፤ ለብቻው ለሚያለቅስ ሰው የሚሆን ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ትዝታ ሰምተህ ስታበቃ ወዴት ትሄዳለህ? አልቅሰህ፣ ቀልሎህ፣ ተነሥተህ እናትህ ጋ የምትደውል ከሆነ ጎዳህ አልልም። አንዱን ዘፈን ደጋግመህ ከአልጋ የማትነሣ ከሆነ ግን ለጊዜው ተወው። መንዙማም ቢሆን እንዲሁ ነው። በመንዙማ አልቅሶ ለጎረቤቱ ክፉ የሚሆን ሰው ዜማውን ብቻ ወስዷል።

ግሼን ወይም ጀማ ንጉሥ ብሄድ ይለቀኛል?

መሄድህ ጥሩ ነው። መስከረም 21 ግሼን የሚወጣው ሰው እኮ ዝም ብሎ አይደለም የሚወጣው። በእግር፣ በመኪና፣ ሌሊቱን ተጉዞ፣ ያንን የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ ሽቅብ ይወጣል። እያንዳንዱ በልቡ የያዘው አንድ ጉዳይ አለ። መንገዱ ራሱ ይሠራል። ድካሙ፣ አብሮ መሄዱ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ቆሎ መቃመሱ ሰውን ያለዝበዋል።

ግን "ሄጄ ልመለስና ይለቀቀኝ" ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ተበሳጭቶ ይመለሳል። ስለትም ካደረግህ የምትችለውን አድርግ። ከመመለስህ በፊት እዚያው ቁጭ ብለህ አንድ ነገር ወስን፤ ቤትህ ስትገባ በየሳምንቱ የምታደርገው፣ ትንሽ፣ የሚቻል። ጉዞው ያን ጊዜ ፍሬ ይኖረዋል።

የሞተ ሰው ናፍቆትስ? ይህኛው መመለሻ የለውም።

የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ከለቅሶ ቤት የሚበልጥ ቃል የለኝም። በሁለቱም ሃይማኖት ለሞተ ሰው ማድረግ የምንችለው ነገር አለ፤ ሰደቃው፣ ዱዓው፣ ፍትሐቱ፣ ተዝካሩ፣ ምጽዋቱ። ናፍቆትህ ወደዚያ ይሂድ። አባትህ ውኃ መቅዳት የሚያስቸግራት አሮጊት ጎረቤት ነበረችው? ጀሪካኗን አንተ ያዝላት። ሰው እንዲያይ ተብሎ በብድር የሚደገስ ድግስ ግን ሟቹንም አይጠቅምም፣ ያንተንም ዓመት ያበላሻል።

በጦርነቱ ሰው አጥተው አስከሬኑን ያልቀበሩም አሉ። ለእነሱ ናፍቆቱ መቋጫ የለውም። አንድ ቀን ቆርጣችሁ፣ ቅሬውን ጠርታችሁ፣ ስሙን አንሥታችሁ ዱዓ ወይም ጸሎት አድርጉለት። ቀብር ባይኖርም ቀን ይኑረው።

ሁሉ አለኝ። ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች። ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ነው። የተመሰገነ ኑሮ ይዘው ማማረር ያሳፍራቸዋል። ምስጋና ማጣት ነው ብለው ይፈራሉ።

እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰው ለፈጣሪው የተሠራ ከሆነ በቤትና በመኪና የማይሞላ ቦታ ቢኖረው ምን ይገርማል? በመዝሙረ ዳዊት ነፍስ አምላኳን መጠማቷ ተጽፏል። ሱፊ ሸኾቻችንም ዕድሜያቸውን በዚህ ጥማት ላይ ነው ያሳለፉት። ይህ ናፍቆት መጥቶልህ ከሆነ ደስ ይበልህ፤ የሚጠራህ አለ።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ሰው ይህን ናፍቆት በሌላ ስም ይጠራዋል። ሌላ ሴት የናፈቀችው ይመስለዋል። አሜሪካ የናፈቀችው ይመስለዋል። ሁለተኛ ፎቅ ቢሠራ የሚሞላ ይመስለዋል። ስለዚህ ትልቅ ውሳኔ ከመወሰንህ በፊት ጥቂት ጊዜ በጾምና በዝምታ አሳልፍ። የረመዷን ወር ወይም የዐቢይ ጾም 55 ቀን ለዚህ ጥሩ ነው። ነሐሴ ላይ ከሆንክ የፍልሰታ ጾም አለ። ሆድህ ሲጎድል ሌላው ጉድለት ስሙን ይነግርሃል።

ዓላማ ሲባል ትልቅ ነገር መሥራት አለብኝ?

አይ። ቅሬያችሁን ተመልከት። ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዛ የምትመጣ ሰው አለ። እነዚህ ሰዎች ስለ ዓላማ ሲያወሩ አትሰማቸውም። ግን ሰው ሲሞት ከተማው የሚቆመው በእነሱ ነው።

እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ከሆንሽ የጎረቤት ልጆች ቅዳሜ ሒሳብ አስጠኚ። ስፌት የምትችይ አንዲት ልጅ አስተምሪ። ጉልበት ብቻ ያለህ ወጣት ደግሞ ሰው ሲቀበር መጀመሪያ ድረስ። አንድ ሥራ ያዙ፣ ሰው የሚጠቅም፣ ሳምንት ሳምንት የሚደረግ። ሲያስጠላችሁም ሂዱ። ናፍቆት ያለበት ሰው ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። የሌላውን ጉድለት ቶሎ ያያል።

ጫት ላይ ስቀመጥ ናፍቆቱ ይቀለኛል።

ለጥቂት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ያለውን ድብርት አንተው ታውቀዋለህ። ወዳጃ በሚባለው የጋራ የጸሎት ስብስብ ላይ ዱዓ ለማድረግ የሚቅሙ አባቶችን አልዳኝም። አንተ ግን ለዱዓ ነው ለመሸሽ የምትቀመጠው? መልሱ መሸሽ ከሆነ ሰዓቱን ቀንስ፣ ካልቻልክ ሰው አማክር። መጠጥም እንዲሁ።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የምሄደው?

ይህን በጣም እባካችሁ። ዱዓና ጸሎት ሐኪምን አይከለክሉም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከከፋሽ፣ እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ከበዛ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ከሞተብሽ፣ ሥራ መሥራት ካቃተሽ፣ ይህ ናፍቆት ብቻ አይደለም። የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ያኑ ዕለት ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ሂዱ። አጠገባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት።

ጸበል የሚጠመቅም ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። ዱዓ የሚደረግለትም እንዲሁ። አብሮ ይሄዳል።

የናፈቀኝ ሰው ተመልሶ ቢመጣስ? የጀመርኩትን ልተው?

ይህን የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ሐና ሳሙኤልን ካገኘች በኋላ ለቤተ መቅደስ ሰጠችው፤ ከዚያ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ያገኘችውን ልጅም፣ የጀመረችውን መንገድም አልተወችም። ልጇ ከጂዳ የተመለሰችላት እናትም ቅዳሜ የምትጠራቸውን የኮምቦልቻ ልጆች "በቃ የራሴ መጣች" ብላ አትተዋቸው። የራሷንም ልጅ ጨምራ ታስቀምጣቸው።

ደግሞ ከስደት የተመለሰችን ልጅ አስቡ። ስንት ዓመት የናፈቃት ቤት አሁን ጠቧታል። ጓደኞቿ አግብተዋል። መንደሩ ተለውጧል። ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ምን ይዘሽ መጣሽ ብሎ ነው። ማታ ማታ ዝም ትላለች። እዚያ ሆና አገሯን ናፈቀች፤ እዚህ ሆና ደግሞ የምትናፍቀውን ራሷም አታውቀውም። ለመዳር አትቸኩሉባት። ገንዘቧን አትቁጠሩባት። የመግሪብ ወይም የሠርክ ሰዓት ሲደርስ "ነይ አብረን እንቁም" በሏት፤ እንቢ ካለችም ነገ ደግማችሁ ጥሯት።